ሽቦ ያልሞተበት ላፕቶፕ

ላፕቶፑ የሞተ ቀን እናቴ እንደዚያ ታለቅሳለች ብዬ አልጠበቅኩም። ዕድሜ ልኩን ክር፣ ክር፣ ክር ሲል የኖረው ሃርድ ዲስክ አንዴ ቀጭ አለና ስክሪኑ ጠቆረ። የጀመረችው የካርታ ጨዋታም አብሮ ሄደ። እኔ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠብኩ ነበር። «ገደልሽው!» ብላ ስትጮህ የያዝኩትን ሳህን ልለቀው ምንም አልቀረኝም። እኔ ምን አድርጌ? በአጠገቡም አላለፍኩ! እናቴ ዘንድ ግን ዕቃ ሲበላሽ ጥፋተኛው ቅርብ ያለው ሰው ነው፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከእሷና ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ላፕቶፑ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ሽቦ ነው የምንለው፤ አንድም ለቅጥነቱ፣ አንድም ኪሱ ሽቦ አጥቶ ስለማያውቅ። መኪና ገጭቶት ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። የካርታ ጨዋታውን ለእናታችን ያስተማራት እሱ ነው። ከሞተ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጫወታለች። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የጨዋታ አልነበረም። ዲስኩ ክር፣ ክር ሲል ሽቦ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ይመስላታል። ይሄን ብላኝ አታውቅም፤ ግን ድምፁ ለአፍታ ሲቆም አንገቷን ወደ ክፍሉ ስትመልስ ስንቴ አይቻታለሁ።

«አዲስ ላፕቶፕ አመጣልሻለሁ» አልኳት።

«አዲስ ማን ጠየቀሽ?»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ። አውጥተሽ ጣይኛ!»

ከእሷ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ የለም። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። እሷም እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ አየችኝ። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ድሮ ከቤት ለሚወጣ ሰው ሁሉ «ቶሎ ና» የምትል ሴት ነበረች። አንዴ ቧንቧ የጠገነልንን ሰውዬ፣ ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ «ቶሎ ና» ብላው፣ ሰውዬው ግራ ገብቶት በሩ ላይ ሲቆም እኔና ሽቦ በሳቅ ሞተናል። ሽቦ ካረፈ ወዲህ ግን ለሚወጣ ሰው አንዲት ቃል አትወጣትም። ሐዘኑ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሱቁን የምጋራው ከአንድ ካሜራ ጠጋኝ ጋር ነው፤ ጋሽ ሌንስ እንላቸዋለን። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ላፕቶፕ የሚሆን ዲስክ ዛሬ ቢፈልጉት አይገኝም። አንድ ዘዴ ግን አለ። የድሮ ካሜራዎች ውስጥ የሚገባው ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ፣ ያ ከክብሪት ቀፎ የሚያንሰው ነገር፣ ከድሮ ዲስክ ጋር ይግባባል። ትንሽ ማገናኛ ላይ ተሰክቶ በዲስኩ ቦታ ሲገባ ላፕቶፑ ልዩነቱን አያውቅም። ጋሽ ሌንስ መሳቢያቸውን በርብረው አንድ ካርድ አወጡልኝ።

«ሰው ፎቶ ያነሳበታል፣ አንቺ ሬሳ ልታስነሺበት ነው?» አሉኝ።

«ሬሳው ካልተነሳ እናቴ እኔን ነው የምትቀብረኝ» አልኳቸው።

ላፕቶፑ የሚነሳው ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም ነው፤ የዛሬው ሊኑክስ ግን እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ዞር ብሎም አያየው። የድሮ ሲዲ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሱቁ ጥግ ባስቀመጥኩት የሽቦ ዕቃ ካርቶን ውስጥ። ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አዲስ የወጣውን ሊኑክስ በሲዲ ቀድቶ፣ ላዩ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ለአሮጌው» ብሎ ጽፎበት ነበር። ሳይጭነው ቀረ። የእጅ ጽሑፉን ሳየው ጋሽ ሌንስ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሲዲው እየተንገጫገጨ፣ እየቆመ እየተነሳ ጫነ። እንደነዚህ ዓይነት ካርዶች በላያቸው ላይ በተጻፈ ቁጥር ያልቃሉ፤ ስለዚህ ማሽኑ ያለ ሥራ ካርዱ ላይ የሚሞነጫጭርበትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋሁበት። መጨረሻ ላይ ለማሽኑ ስም ስጪው አለኝ። ሳላስበው የወንድሜን ቅጽል ስም ጻፍኩ። የቀረኝ የሰዓቱ ባትሪ ነበር፤ ያቺ ማሽኑ ሲጠፋም ቀኑን የምታስታውሰው ሳንቲም የምታህለዋ። ሞታለች። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ አንድም አልተረፈኝም። «ነገ አስገባላታለሁ» አልኩ። የእኛ ሙያ ሰዎች «ነገ» ስንል መቼ እንደሆነ ደንበኞቻችንን መጠየቅ ነው።

ቤት ወስጄ መስኮቱ ሥር ከፈትኩላት። ተነሳ። የሚሽከረከር ዲስክ የለው፣ ማራገቢያ የለው፣ ኮሽ አይልም።

«ምነው ዝም አለ?» አለች።

«ካርድ ነው ያስገባሁለት። ካርድ ድምፅ የለውም።»

«ትንፋሽም የለው?» አለችና እጇን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወዳለው ቀን ተጠጋች። ብዙ አየችው። «ይሄ ቀን የምንድን ነው?»

ዓመቱ ሽቦ የሞተበት ዓመት ነበር። ቀኑ ደግሞ ከሞቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም የሚል። ደነገጥኩ፤ ወዲያው ግን ገባኝ። «ባትሪው ስለሞተ ነው። ቀኑን የሚነግረው ሲያጣ፣ ሊኑክሱ ራሱ ከተሠራበት ቀን ተነስቶ ይቆጥራል። ሲዲውን የቀዳው ያኔ አይደል? ቆይ ላስተካክለው» ብዬ እጄን ስሰድ እጄን ቸብ አደረገችው።

«ንኪው! ንኪውና ውርድ ከራሴ!»

«እማዬ!»

«እዚህ ቀን ላይ ሽቦ አልሞተም» አለች።

እናቴ አላበደችም። ጭንቅላቷ ምላጭ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። ለዚህ ነው የፈራሁት። ልስቅ ብዬ ጀመርኩ፤ ሳቁ ግን አልመጣልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑን አታጠፋውም። ካርታውንም ተወችው። ቁጭ ብላ ቀኑን ነው የምታየው። የራሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና የሚኖረው በሶኬቱ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ቀኑ ወደ መጀመሪያው ተመልሷል። ያ ሁሉ የተጠበቀ ቀን ውኃ በላው። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና «እንደገና» አለች። አንጀቴን በላችው። በማግሥቱ ከሱቅ ዩፒኤስ አምጥቼ ሰካሁላት፤ መብራት ቢሄድም እንዳይጠፋባት። እብደቱን ማስቆም ሲገባኝ ነዳጅ ጨመርኩበት። ምን ላድርግ? እናት ናት።

«ቀኑ ሲደርስ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ከቤት አላስወጣውማ» አለችኝ፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ወጥ ቤት ሆኜ ነው። ክር፣ ክር፣ ክር። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ለዓመታት የለመድኩት ድምፅ ስለሆነ ልብም አላልኩት። ቆይቶ ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። ያ ዲስክ እኮ ሱቅ ነው ያለው! ወደ ሳሎን ስሄድ ላፕቶፑ ጭጭ ብሏል። እናቴ አንገቷን ወደ ሽቦ ክፍል መልሳ ፈገግ ብላለች።

«አንቺም ሰማሽ አይደል?» አለች።

«ማቀዝቀዣው ነው» አልኩ። ማቀዝቀዣው እንደዚያ እንደማይል ሁለታችንም እናውቃለን።

ጠዋት ሱቅ እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መሳቢያዬን ከፈትኩ። የሞተው ዲስክ በፎጣው እንደተጠቀለለ አለ። ተመስገን ብዬ ሳነሳው ይሞቃል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ እንደዋለ ዲስክ ነው የሚሞቀው። ጋሽ ሌንስ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ፀሐይ መትቶት ነው» አሉ።

«መሳቢያ ውስጥ?»

መልሰው ሰጡኝና መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጡት ሰውዬ የዚያን ቀን ምንም አልቀለዱም።

ቀኑ ደረሰ። ሥራ አልሄድኩም። የእናቴ ልብ ደካማ ነው፤ ኪኒን ካልዋጠች እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ከጠዋት ጀምሮ ግን እህልም ኪኒንም አፏ አልገባም። «ትንሽ ቅመሺ» ብላት «ዞር በይልኝ» ትላለች። ከዚያ ወንበሯን ከመስኮቱ አንስታ ከውጭው በር ትይዩ አኖረችና ተቀመጠች። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

ሽቦ ያን ቀን የወጣው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የመስኮቱ ብርሃን ወለሉን አልፎ በሩ ሥር ሲደርስ። ብርሃኑ በሩ ሥር ደረሰ። ከክፍሉ ወደ በሩ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ። ሽቦ ቤት ውስጥ እግሩን አንስቶ መራመድ አያውቅበትም ነበር፤ «ወለሉን ፈጀኸው!» ብዬ ስንቴ ጮኼበታለሁ። ድምፁ በአጠገቤ ሲያልፍ እግሬን ወደ ሶፋው ሰበሰብኩ። ቀጥሎ የበሩ እጀታ ሲጥ አለ። ዘይት እቀባዋለሁ እያለ ሳይቀባው የሞተው እጀታ ነው። ማንም ሳይነካው፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

እናቴ ተነስታ ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ዛሬ አትወጣም፣ የኔ ጌታ» አለች። «የትም አትሄድም። ተመለስና ሥራህን ሥራ።»

እጀታው እንደወረደ ቆየ። ከዚያ ተመለሰ። ነጠላ ጫማው ወደ ክፍሉ ተጎተተ። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ትራሱን ነክሻለሁ። እናቴ ግን ያን ቀን ጠግባ በላች፤ እስኪነጋም ለጥ ብላ ተኛች። ጠዋት ላፕቶፑ ሽቦ በሕይወት ኖሮ የማያውቀውን ቀን አሳየን።

«አየሽ?» አለችኝ። ጉንጯ ቀልቶ፣ እንደ ልጅ እየሳቀች። «አለፈ! አለፈ እኮ!»

ልዋሽ አልችልም፤ እኔም ደስ አለኝ። ክፍሉን በቆምኩበት ጠራረግኩለት። ወንድሜ ነዋ! ናፍቆኛል። እናቴ እንኳን የማታውቀውን ነገር የሚያውቅብኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ደስታው አልቆየም። በማግሥቱ ብርሃኑ በሩ ሥር ሲደርስ ነጠላ ጫማው መጣ፣ እጀታው ወረደ። በማግሥቱም። እናቴ በየቀኑ ጀርባዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች፤ በየቀኑ «አትወጣም» ትላለች። እያደር ሰዓቱን መጠበቅ ተወ። ጠዋትም ይመጣል፣ ከምሳ በኋላም ይመጣል። ከክፍሉ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ክፍሉ። በመሃል ዲስኩ ክር፣ ክር ይላል፤ እንደ ድሮው ሳይሆን ሊቆም እንደደረሰ፣ እየተደናቀፈ። እናቴ ሽቦ ሹልክ ብሎ እንዳይወጣ ብላ የውጭውን በር ቆልፋ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እኔ በጓሮ በር ነው የምገባ የምወጣው።

«እሱስ በጓሮ ቢወጣ?» አልኳት፤ አንዳንዴ ምላሴን አልችለውም።

«ሽቦ በጓሮ በር ወጥቶ አያውቅም» አለች ኮስተር ብላ።

የሐኪም ቀጠሮዋ አለፈ። እግሯ አበጠ። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታድራለች፤ ከንፈሯ መጥቆር ጀመረ። ላፕቶፑን ነቅዬ ልስበረው ብዬ አሰብኩ፤ ግን እሷም አብራው ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ። አንዱን ሙት ስንጠብቅ ሁለተኛ ልቀብር ነው እላለሁ ለራሴ።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ የኪኒኗን ጠርሙስ አነሳሁ፤ ባዶ ነው። እሷ በሩ ላይ ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ እጀታው ይወርዳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል። የሚገፋው እጅ አቅም እንዳነሰው ያስታውቃል፤ አንዳንዴ እስከ ግማሽ ወርዶ ይቀራል። እናቴ አይኗን ጨፍና ጆሮዋን በመዳፏ ይዛለች። ያኔ ደሜ ፈላ።

«እማዬ፣ በቃ! ይሄ ልጅ ተሠቃየ እኮ! አትሰሚውም? እስር ቤት ነው የሠራሽለት!»

«ከወጣ ይሞታላ!»

«ሞቷል!» አልኩ። ይሄን ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ያለው ሰው አልነበረም። ከአፌ ሲወጣ እጀታው ቆመ። «ሞቷል፣ እማዬ። እኔንም ናፍቆኛል። እኔም ሌሊት ሌሊት ኮቴውን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እዪው፤ ደክሞታል። አንቺም ልትሞቺብኝ ነው። እኔስ? እኔ ከማን ጋር ልቀር ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለኝ እኔን ያየችኝ።

«ቶሎ ና ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«ያን ቀን መድኃኒቴ አልቆ ነበር። ሊያመጣልኝ ሲወጣ፣ እዚሁ በር ላይ፣ ቶሎ ና አልኩት። ሲመለስ መንገዱን ሮጦ ሲያቋርጥ ነው አሉ የገጨው። ለምን ይሮጣል? ቶሎ ና ስላልኩት ነው የሮጠው። አፌ ነው የገደለው።»

ስንት ዓመት በሩ ላይ ቆማ ዝም ብላ ስታየኝ፣ ቃል የነፈገችኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔንም እንዳትገድለኝ ፈርታ ነው። ወለሉ ላይ አጠገቧ ዘጭ አልኩ።

«ለቧንቧ ሠራተኛውም ቶሎ ና ብለሽዋል» አልኳት እያለቀስኩ። «ቆጣሪ ለሚያነበውም ብለሻል። ማንም አልሮጠም። ሽቦ ሁልጊዜ ይሮጥ ነበር፣ እማዬ። ዝም ብትይውም ይሮጥ ነበር።»

«ቧንቧ ሠራተኛው» አለችና በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ሳቅ አመለጣት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እንደገና አለቀስን። ስንጨርስ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች።

«ሰዓቱን አስተካክይው» አለችኝ።

ላፕቶፑ ላይ የዛሬውን ቀን ጻፍኩ። እንተር መጫን ብቻ ቀረ፤ እሱን ለእሷ ተውኩት። እሷ ግን ወደ ላፕቶፑ አልመጣችም። ከደረቷ ቁልፉን አውጥታ በሩን ከፈተች። ወለል አድርጋ። የውጭው ብርሃን እስከ ሽቦ ክፍል ድረስ ገባ። ነጠላ ጫማው ከክፍሉ ወጣ፤ ሶፋውን አለፈ፤ እኔን አለፈ። እናቴ ጋ ሲደርስ ቆመ። የነጠላዋ ጫፍ ትንሽ ተነሳና ተመለሰ።

«ቶሎ…» ብላ ጀመረች። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እጇን አወረደች።

«አትቸኩል፣ ልጄ» አለች። «ማንም አያቻኩልህም። ግራ ቀኝህን እያየህ፣ ቀስ ብለህ ሂድ።»

ውጭ ጠጠር ላይ ኮቴ ተሰማ። አልሮጠም። ዕድሜውን ሙሉ ቀስ ብሎ መሄድ ያላወቀው ልጅ፣ አንድ በአንድ እየረገጠ፣ እስከ መንገዱ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ ቆይቶ ቀጠለ። እናቴ ኮቴው እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ተመልሳ መጥታ፣ በአንድ ጣቷ እንተርን ተጫነች። ቀኑ ዛሬ ሆነ። ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚባል አልቀረም።

በማግሥቱ ጠዋት ዕቃዬን ይዤ በውጭው በር ስወጣ እናቴ ተከትላኝ መጣች። መድኃኒቷንም የሰዓቱን ባትሪም ላመጣ ነበር። እንደ ልማዷ ዝም ብላ ታየኛለች ብዬ ደረጃውን ወረድኩ።

«አንቺ!» አለችኝ። ዞርኩ። አፏ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። «አትቸኩዪ እሺ?» አለች በመጨረሻ። «ግን ደግሞ እንዳታመሺ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?» ብዬ ስከራከራት እውል ነበር። «እሺ፣ እማዬ» አልኩና ግራ ቀኜን እያየሁ መንገዱን ተሻገርኩ።